ሊቀ ኪቦርድ ደግሰውና የጥቁሩ ስክሪን ደብዳቤዎች

በአገራችን መሥሪያ ቤት ሁሉ፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ሳለ አጥር ዘሎ የሚገባ አንድ ሰው አይጠፋም። ዘሎ መግባቱ ባልከፋ። የሚያቃጥለው፣ አቧራውን ከሱሪው ላይ እያራገፈ በበሩ ለገባው ሰው ማዘኑ ነው። ይህን ሰው ሁላችንም እናውቀዋለን። መንገድ አብረነው ስንሄድ አስፋልቱን ያስተወንና በገደሉ አቋራጭ ይወስደናል። ሌሎቹ ደርሰው፣ በልተው፣ እጃቸውን ከታጠቡ በኋላ እሾህ እየነቀልን ስንደርስ፣ «አያችሁ፣ አሳጠርናት» ይለናል።

ሰቆጣ ላይ፣ በዞኑ የእንስሳት ሀብት ጽሕፈት ቤት ውስጥ፣ ይህን ወንበር ይዞ የኖረው ደግሰው ነው። በመዋቅሩ «የኮምፒውተር ባለሙያ» ይባላል። የጽሕፈት ቤቱ ሰው ግን ሊቀ ኪቦርድ ይለዋል። ማዕረጉን የሰጠችው ባንቺ ናት። ባንቺ የኃላፊው የአቶ ትእዛዙ ጸሐፊ ናት፤ ጠረጴዛዋ ከደግሰው ጠረጴዛ ጋር ፊት ለፊት ስለሆነ ከማንም በላይ የተፈተነችው እሷ ነበረች።

ሊቀ ኪቦርድ ማውስ አይነካም። አዲስ ማውስ በታደለ ቁጥር ጅራቱን ይጠቀልልና መሳቢያው ውስጥ ይቀብረዋል። ለምን ሲባል መልሱ አንድ ነው፤ «አይጥ መያዝ የድመት ሥራ ነው።» ኮምፒውተሩም እንደ ሰው ኮምፒውተር ሥዕልና ቀለም የለበትም። ጥቁር ነው። በጥቁሩ ላይ ነጫጭ የላቲን ፊደል ይርመሰመሳል። የሚሠራበት ፕሮግራም ሊኑክስ ይባላል፤ ዘሩ ከዩኒክስ ነው። ደግሰው ይህን የዘር ሐረግ ሲቆጥር የአገሩን ገዢዎች የዋግሹሞችን ትውልድ የሚቆጥር ሽማግሌ ይመስላል። ጉዳይ ሊያስፈጽም የመጣ ገበሬ ደግሞ በበሩ አንገቱን አስግጎ ያይና «ምስኪን፣ ተበላሽቶበት ነው» ብሎ ከንፈሩን ይመጣል።

ሌላው ሰው ኢሜይል ሲልክ ገጹን ይከፍታል፣ ይጽፋል፣ «ላክ» የሚለውን ይጫናል፤ አለቀ። ደግሰው ገጽ የሚባል ነገር አይከፍትም። በጥቁሩ ስክሪን ላይ የመላኪያዋን ትእዛዝ ይጽፋል፣ ርእሱን በትእምርተ ጥቅስ ያጥራል፣ የተቀባዩን አድራሻ ያስከትላል፣ መልእክቱን ይዘረግፋል። ከዚያ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ማሽኑ እሺም እምቢም አይልም።

«ሄደ?» ትለዋለች ባንቺ።

«ሄዷል።»

«በምን አወቅህ?»

«ዝም ብሏል። የዚህ ማሽን ጠባይ ነው፤ ሥራው ከሠመረ አይናገርም። የሚናገረው ሲበላሽ ብቻ ነው።»

«ካንተ ይሻላል ማለት ነው» አለችው ባንቺ።

መቼም ደግሰው መናገር የጀመረ እንደሆነ መፍትሔ የለውም። «ባጭሩ ላስረዳሽ» ካለ ምሳ ሰዓት ደረሰ ማለት ነው። ኢሜይል ከሰቆጣ ተነሥቶ በየት በየት ዞሮ ባሕር ዳር እንደሚገባ፣ መንገድ ላይ ማን እንደሚቀበለው፣ ማን እንደሚመልሰው፣ ከሥሩ ጀምሮ ይተነትነዋል። ባንቺ ለዚህ መድኃኒት ነበራት። ፔርሙዙን ታነሣና «ውኃ ላፍላ» ብላ ትወጣለች። ፔርሙዙ ሙሉ ሆኖም ትወጣለች።

እጇን ብትዘረጋ ትከሻውን የምትነካው ይህ ሰው ሻይ ሲያምረው እንኳ በአፉ አይጠራትም። የባንቺ ኮምፒውተር «ጢን» ይላል፤ ስትከፍተው «ሻይ ብንጠጣስ?» የሚል ኢሜይል ነው።

«አፍ የለህም?»

«በአፍ የተባለውን ነፋስ ይወስደዋል» ይላል፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሣ።

አንድ ቀን ደብዳቤ እያስጻፈችው ሳለ፣ መልእክቱ የሚያልቀው ባዶ መስመር ላይ አንዲት ነጥብ ለብቻዋ ስትቀመጥ እንደሆነ ነገራት። ባንቺ ብዕሯን አስቀመጠች። «ያማርኛ ደብዳቤ በአራት ነጥብ ነው የሚያልቀው። ሦስቱን የት አደረስሃቸው?» በማግስቱ ኢሜይል ደረሳት፤ «ጥያቄሽን አስቤበታለሁ። ጥሩ ጥያቄ ነው» ይላል። ሌላ ምንም የለበትም።

በደጉ ጊዜ እንዲህ ነበር። ነገር የጠነከረው የሩብ ዓመቱን ሪፖርት በዚያችው በጥቁሯ መንገድ ወደ ባሕር ዳር የላከ ዕለት ነው። ለካ ያ ማሽን፣ ደብዳቤው ከቢሮው ውጭ ሲሄድ፣ ምን ዓይነት ፊደል እንደሆነ አስቀድሞ ካልተነገረው፣ አማርኛውን በጥያቄ ምልክት ይለውጠዋል። ከባሕር ዳር ለአቶ ትእዛዙ ተደወለ።

«የላካችሁት ደርሶናል» አለ ሰውየው። «ግን ከላይ እስከ ታች ጥያቄ ነው። እኛ ሪፖርት ስንጠብቅ እናንተ ትጠይቁናላችሁ?»

«ምን ብለን ጠየቅን?»

«እሱን ነው እኛም የምንጠይቃችሁ።»

ሊቀ ኪቦርድ ጥፋቱን አገኘውና አረመው። መታረሙን ለማረጋገጥ ደግሞ ለወረዳዎቹ ሁሉ አንዲት ቃል ላከ፤ «ሙከራ» የምትል። ሌሎቹ አይተው አጠፏት። ጽጽቃ ያለው የወረዳ ኃላፊ አቶ ሀይሉ ግን ከላይ የመጣን ነገር አቃልሎ የሚያይ ሰው አይደለም። ባለሙያዎቹን ሰበሰበ። «ከዞን 'ሙከራ' የሚል መመሪያ ወርዷል» አላቸው። አንዱ እጁን አውጥቶ «የምን ሙከራ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ «ዝርዝሩን ለእኛ ትተውታል፤ እምነት ጥለውብናል» ተባለ። ኮሚቴ ተቋቋመ። ሳምንት ሳይሞላ መልስ መጣ፤ «ሙከራው በተሳካ ሁኔታ ተጠናቋል። ያጋጠመ ችግር፦ የተሽከርካሪ እጥረት።»

ደግሰው በደስታ ሊሞት ደረሰ፤ ፊደሉ አንድም ሳይጎድል ደርሷልና። አቶ ትእዛዙ ግን አልሣቀም። ከዚያች ቀን ጀምሮ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ማኅተም አርፎበት፣ በስካነር ተነሥቶ፣ ሰው ሁሉ በሚልክበት ገጽ እንዲላክና ጥቁሩ ስክሪን ለደብዳቤ እንዳይነካ አዘዘ። ደግሰው እገዳውን ተቀበለ። ለሻይ መጥራቱንም ተወው። ባንቺ «ተገላገልሁ» አለች፤ ሁለተኛው ሳምንት ላይ ግን ኮምፒውተሯ «ጢን» ሲል ቶሎ ዞር እያለች ታይ ጀመር። የሚመጣው የስብሰባ ጥሪ ነበር።

በዚህ መካከል ነው ማሬ ከአበርገሌ የመጣችው። ማሬ የእንስሳት ሐኪም ናት። ጤፍ በጫነ አይሱዙ ላይ ተሳፍራ፣ ቅንድቧ ሳይቀር አቧራ ለብሶ፣ በቀጥታ አቶ ትእዛዙ ቢሮ ገባች። እጀ ጠባቧ ላይ የፍየል ጠጉር ነበር።

«ፍየሉ እያለቀ ነው» አለች። «ማሳል ይጀምራል፣ ያቃስታል፣ በማግስቱ ይተኛል። ሳንባውን ነው። ትናንት አንዲት ሴትዮ በረት ብገባ ከጥቂት ግልገሎች በቀር የቆመ አጣሁ።»

«ክትባትስ?»

«ያለንን ጨረስን። የታመመውን አያድነውም፤ ያልታመመውን ግን ቶሎ ካልደረስን ነገ እሱም ያው ነው።»

አቶ ትእዛዙ ስልኩን አነሣ። ባሕር ዳር ያለው የክትባት ማከማቻ ሰው፣ መስመሩ ከመቋረጡ በፊት፣ ያለውን ነገር አስረዳው። ክትባት የጫነ መኪና በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ወደዚሁ አቅጣጫ ይነሣል። ከሥራ መውጫ ሰዓት በፊት ጥያቄው በመሥሪያ ቤቱ ኢሜይል በጽሑፍ ከደረሳቸው የሰቆጣንም ይጭናሉ። ካልደረሳቸው ግን የሚቀጥለው ጉዞ መቼ እንደሆነ አይታወቅም።

ባንቺ ደብዳቤውን ወዲያው አዘጋጀች። «ጉዳዩ፦ የክትባት አቅርቦት እንዲደረግልን ስለመጠየቅ።» ተፈረመ፣ ማኅተም ተመታበት፣ በስካነር ተነሣ። አቶ ትእዛዙ ገጹን ከፍቶ «ላክ» አለው። በገጹ መካከል አንዲት ክብ ነገር መዞር ጀመረች። የዚያን ቀን ኔትወርኩ ብልጭ ይላል፣ ይጠፋል፤ ብልጭ ይላል፣ ይጠፋል። ደብዳቤው ከነማኅተሙ ከብዶ፣ ክቧ ዞረች፣ ዞረች፣ ቆመች። እንደገና ላከው። እንደገና ዞረች። ስልኩም ከዚያ በኋላ እምቢ አለ።

ማሬ ከኃላፊው ቢሮ ወጥታ፣ ባንቺ ዘንድ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ታያለች። የቀረበላት ሻይ ቆዳ አወጣ። ባንቺ ሰዓቱን አየች፣ ማሬን አየች፤ ተነሥታ ወደ ደግሰው ጠረጴዛ ሄደች። ሊቀ ኪቦርድ ክንዱን አጣጥፎ ተቀምጧል።

«ጥቁሩን ክፈት» አለችው።

«ታግዷል።»

«ያገደው አቶ ትእዛዙ ነው። ክፈት የምልህ እኔ ነኝ።»

ደግሰው ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ክንዱን ፈታ።

«ማኅተም አይገባበትም» አለ።

«ፍየሎቹ ማኅተም አልጠየቁም። ጻፍ።»

ዕድሜዋን ሙሉ «በመሆኑም»ና «በመሆኑ» ስትቀጥል የኖረችው ባንቺ፣ የዚያን ቀን እንዲህ ስትል አስጻፈችው፦ «አበርገሌ ላይ ፍየል በሳንባ በሽታ እያለቀ ነው። ክትባት የለንም። ነገ በሚነሣው መኪና ጫኑልን።» ማሬ መጠኑንና የበሽታውን ስም ጨመረች። ደግሰው ጽሑፉን አስቀመጠና በአንድ መስመር ትእዛዝ ላከው። ማሽኑ ዝም አለ።

«ሄደ?»

«ከእጃችን ወጥቷል። አሁን ወረፋ ላይ ነው። ባጭሩ ላስረ…»

«ደግሰው።»

«እሺ። ኔትወርኩ ብልጭ ባለ ቁጥር ራሱ ይሞክራል። ምንም አትንኪ። አንቴናውን ነፋስ አዙሮታል መሰለኝ፣ ጣሪያ ላይ ልውጣ።» ኮቱን አውልቆ ወንበሩ ላይ ጣለና ወጣ።

ባንቺ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ስክሪኑ ዝም። የዚህ ማሽን ዝምታ ደግ ነው ቢባልም፣ ባንቺ ዝም ያለ ነገር አምና አታውቅም፤ የፈታችው ባሏም ዝምተኛ ነበር። ጥቂት ታገሠች። ከዚያ ደግሰው ሁልጊዜ ሲያደርግ እንደምታየው ወደ ላይ የምታመለክተውን ቀስት ተጫነች። ያቺው የመላኪያዋ ትእዛዝ ተመልሳ ብቅ አለች። «ኢንተር» የሚባለውን ማስገቢያ ተጫነች። ዝም። እንደገና ቀስቷን፣ እንደገና ማስገቢያውን።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለች ማሬ።

«እየላክሁ ነው።»

«ተልኳል አላላችሁም?»

«ተልኳል።»

«ታዲያ?»

«ቢደገምስ ምን ይጎዳል?»

ማሬ ወንበሯን አስጠጋች። ባንቺ እንደ መነኵሴ መቍጠሪያ ትቆጥረው ጀመር፤ ቀስት፣ ማስገቢያ፣ ቀስት፣ ማስገቢያ። ከጣሪያው ላይ የቆርቆሮ ኳኳታ ይሰማል። «መጣ?» ይላል ደግሰው ከላይ። «አናውቅም፣ ዝም ብሏል» ትለዋለች ባንቺ በመስኮት። በመጨረሻ አንቴናው ተቃና፤ ኔትወርኩ መጥቶ ትንሽ ቆየ። ወረፋ ላይ የተከማቸው ሁሉ አንዱ አንዱን እየገፋ፣ ክትር እንደ ሰበረ ጎርፍ ወደ ባሕር ዳር ሄደ።

ብዙም ሳይቆይ የአቶ ትእዛዙ ስልክ ጮኸ። አቶ ትእዛዙ ዓይኑ አሁንም የምትዞረዋ ክብ ላይ ነበር።

«ደርሶናል» አለ የማከማቻው ሰው። «ኧረ አሁንም እየገባ ነው። ከየቀበሌው ነው የምትልኩት? ስንት ቦታ ነው የተነካው?»

አቶ ትእዛዙ ሰውየው ስለ ምን እንደሚያወራ ፈጽሞ አልገባውም። ኃላፊ ግን አልገባኝም አይልም። «ሁኔታው እጅግ አሳሳቢ ነው» አለ።

በማግስቱ የመጣው መኪና ከተጠየቀው በላይ፣ በእጥፍም በላይ ጭኖ መጣ። የሰቆጣ ማቀዝቀዣዎች ሞሉ። የተረፈው በበረዶ ሣጥን ውስጥ ስለሆነ ቶሎ ካልተወጋ ይበላሻል። ስለዚህ የደሃናና የጽጽቃ ሐኪሞች ተጠሩ፤ ከጽሕፈት ቤቱም መራመድ የሚችል ሁሉ ወደ አበርገሌ ወረደ። አቶ ሀይሉም ከነኮሚቴው መጣ። ሊቀ ኪቦርድ የተሰጠው ሥራ ፍየል መያዝ ነበር። የአበርገሌ ፍየል ሲያዩዋት ኮስማና ናት፤ ቀንዷን ሲይዟት ግን ጉልበቷ ሌላ ነው። ሁለት ጊዜ ጥላው ሄደች። ሦስተኛዋን ጉልበቱ መካከል አጥብቆ ይዞ፣ በጆሮዋ «ባጭሩ ነው፣ ባጭሩ ነው» ሲላት ባንቺ ሰምታ መርፌ የያዘውን ሣጥን ልትጥለው ደረሰች።

ሳል የጀመረው ፍየል አልተረፈም። ያልጀመረው ግን ተረፈ፤ በሽታው ገና ያልደረሰባቸው መንደሮችም በዚያው ተከተቡ።

ሰቆጣ እንደ ተመለሱ አቶ ትእዛዙ ስብሰባ ጠራ። አንድ ጥያቄ ስንት ጊዜ እንደ ተላከ ከባሕር ዳር ተነግሮታል፤ ፊቱ ጠቁሯል።

«ይህን ያደረገው ማነው?» አለ።

ደግሰው ተነሣ። «እኔ ነኝ» አለ። «ማሽኑ የኔ ነው። የላክሁትም የደጋገምሁትም እኔ ነኝ።» ሌላ ማብራሪያ አልጨመረም። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ፤ እንዲህ አጭር ተናግሮ አያውቅማ።

«ውሸት ነው» አለች ባንቺ ከተቀመጠችበት። «እሱ አንዴ ልኮ ጣሪያ ላይ ወጣ። የደጋገምሁት እኔ ነኝ። እገዳውን ጥሰህ ክፈት ያልሁትም እኔ ነኝ።»

አቶ ትእዛዙ አንዴ እሷን፣ አንዴ እሱን አየ። ማሬ ጥግ ላይ ቆማለች፤ እጇን ደረቷ ላይ አጣጥፋ ምን እንደሚል ትጠብቃለች። ኃላፊው ጉሮሮውን ጠረገ። «ለወደፊቱ» አለ ቀስ ብሎ፣ «አንድ ጊዜ ብቻ ይላክ።» ቃለ ጉባኤ የያዘው ሰው እገዳው መነሣቱን የተረዳው ቆይቶ ነው።

ክረምቱ ሳይገባ፣ በገበያ ቀን፣ አንዲት አሮጊት ጽሕፈት ቤቱን ጠይቀው መጡ። ስማቸው ወለተ ገብርኤል ነው፤ ማሬ በረታቸው ገብታ የቆመ ፍየል ያጣችባቸው ሴትዮ እሳቸው ናቸው። የቀሩት ጥቂት ግልገሎች ተከትበው ተርፈውላቸዋል። አማርኛ አይችሉም፤ ቋንቋቸው ኽምጣና ነው። ባንቺ በእናቷ ቋንቋ ስትቀበላቸው ፊታቸው ፈካ። ያንን ክትባት የጠራውን ሰው ማየት እፈልጋለሁ አሉ። ባንቺ ወደ ደግሰው አመለከተቻቸው።

ደግሰው ከደብረ ታቦር ወዲያ የመጣ ነው፤ ከኽምጣና የሚያውቀው ሰላምታ ብቻ። ተነሥቶ እጅ ነሣ፣ ወንበር አቀረበላቸው። «እንዴት እንደ ጠራኸው ንገረኝ ይሉሃል» አለችው ባንቺ።

እንዲህ ብሎ የጠየቀው ሰው ኖሮ አያውቅም። ሊቀ ኪቦርድ ኮቱን አስተካከለ። «ባጭሩ ላስረዳዎት» አለ።

ባንቺ ፔርሙዙን አየችው። ግን ከሷ በቀር አስተርጓሚ የለም፤ ቁጭ አለች።

«ደብዳቤው ከዚህ ማሽን ሲወጣ ወዲያው አይደርስም» አለ ደግሰው። ባንቺ አስተረጐመች። «መንገዱ ዝግ ከሆነ ወረፋ ይይዛል» አለ። ይህን በኽምጣና ምን እንደሚሉት ባንቺ ትንሽ አሰበችና፣ ተከዜ ሞልቶበት ዳር ላይ እንደሚጠብቅ መንገደኛ ነው አለቻቸው። አሮጊቷ ራሳቸውን ነቀነቁ። ደግሰው ቀጠለ፤ ባንቺም ቀጠለች። ቆይቶ ደግሰው ትንፋሽ ሊወስድ ቢያቆም ባንቺ አላቆመችም። መንገደኛው ውኃውን በእግሩ እየለካ እንደሚመለስ፣ መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ፣ በኋላ ዘግየት እያለ እንደሚሞክር፣ ማዶ የሚቀበለው ሰው ስሙን ጠይቆ እንደሚያሻግረው፣ ሁሉንም በተራው ነገረቻቸው።

«ቆይ» አለ ደግሰው፣ የእጇን እንቅስቃሴ እያየ። «እኔ እዚያ ገና አልደረስሁም እኮ።»

«አውቀዋለሁ።»

«ከየት?»

«ከየት ይሁን? ስንት ዓመት ሙሉ እያወራኸው።»

ወለተ ገብርኤል እሱን አዩ፣ እሷን አዩ። ከዚያ በኽምጣና ጠየቁ፤

«ውኃው ባይጎድልስ፣ መንገደኛው ተመልሶ ቤቱ ይገባል?»

«እንዲህ በቶሎ አይመለስም እናቴ። ይጠብቃል።»

«ደግ ሰው ነው» አሉ፤ ዓይናቸው ማሽኑ ላይ ግን አልነበረም። ወደ ባንቺ ጠጋ አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ባልሽ ነው?»

ባንቺ ነጠላዋን አስተካከለች። ደግሰው አንድ ቃል ሳይገባው፣ ሥርዓት ባለው ፈገግታ ሁለቱንም ያያቸዋል።

«ገና ነው» አለቻቸው፣ በኽምጣና።

«ምን አሉ?» አለ ደግሰው።

«ብዙ ጊዜ ይፈጃል ወይ ነው የሚሉት።»

«ምን አልሻቸው?»

«ሰውየው ካልተናገረ በቀር ይፈጃል አልኋቸው።»

ደግሰው ነገሩን በቁም ነገር አሰበበት። ወለተ ገብርኤል አማርኛ አያውቁም፤ ግን ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ እስከ በሩ ድረስ እየሣቁ ወጡ።